ሰምና እርሳስ

የቅኔ መምህራን ለቅኔ ምሥጢር ስም ሲሹለት ያገኙት ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ሊሠራ ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙም ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ስለዚህ ከላይ የሚታየው ቃል ሰም፥ ከውስጥ የተሰወረው ምሥጢር ወርቅ ተባለ። ይህን ስም በየዕለቱ የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ስሙ የተወሰደበትን ሥራ፥ የእሳቱን ግለትና የሠሪውን ትዕግሥት፥ በዓይናቸው ያዩ ግን ጥቂቶች ናቸው።

በሰሜን አሜሪካ ተራራማ አገር ደግሞ ሰምንና የቀለጠ ማዕድንን ባንድነት የሚይዝ ሌላ የእጅ ሥራ አለ። በዚያ የሚፈሰው እርሳስ ነው፤ ሰሙም የሚቀባው እርሳሱ ከረጋ በኋላ ከውጭ ነው። ይኸውም ማግነም ለተባሉት ብርቱ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ዓረሩን በቤት ማፍሰስና የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ እንደ ገና መሙላት ነው። መግደያ የሚወጣበትን ሥራ ማወቅ ለተማረ ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የሚገድል ነገር የሚሠራ ሰው ከማንም ይልቅ መጠን ማወቅ ግድ ይሆንበታል፤ መጠንም እንዴት እንደሚገኝና ባልተገኘ ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ ሥራ አብልጦ የሚያስተምር ጥቂት ነው።

ማግነም በላቲን ቋንቋ ታላቅ ማለት ነው። ቃሉ ወደ ጥይት ከመሻገሩ አስቀድሞ ከተራው ጠርሙስ እጥፍ ለሚይዝ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ይነገር ነበር፤ ጠመንጃ ሠሪዎችም ከተለመደው ይልቅ ኃይሉ ለበዛ ጥይት ስሙን ተዋሱት። ከሽጉጥ ጥይት በዚህ ስም የመጀመሪያው፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ዓመት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ማኅበር ለሽጉጡ ያወጣው 357 ማግነም ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሣውም ዓመት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው። ቁጥሩ የዓረሩን ውፍረት በኢንች ሺኛ ያመለክታል፤ በእኛ ልማድ 9 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ቀለሁም ከእርሱ በፊት ከነበረው ከ38 ስፔሻል ቀለህ በኢንች ስምንተኛ ገደማ፥ ማለት በ3 ሚሊሜትር ያህል፥ እንዲረዝም ተደረገ። ይህ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ብርቱው ጥይት ኃይሉን በማይችል አሮጌ ሽጉጥ እንዳይገባ ነው። ሦስት ሚሊሜትር ናስ የስንቱን ችኩል ሰው እጅ እንዳተረፈች የሚቆጥር የለም።

ከፋብሪካ ወጥቶ የተሸጠው የመጀመሪያው 357 ጥይት ግን አንድ ነውር ነበረበት። ዓረሩ ለስላሳ እርሳስ ነበረና በዚያ ፍጥነት ሲተኮስ እየተላጠ በበርሜሉ ውስጥ ይለጠፍ ነበር፤ በርሜሉም እርሳስ ሲለብስ ሽጉጡ ዒላማውን ይስታል። ለዚህ መድኃኒት ከፈለጉት ሰዎች ብዙዎቹ በቤታቸው ጓዳ ማቅለጫና ጭልፋ የያዙ፥ የምሽት ሠሪዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ኤልመር ኪት ነው። በ1899 ዓመት በሚዙሪ ተወለደ፤ ዕድሜውን ግን በሞንታናና በአይዳሆ ተራሮች ከብት በማርባት፥ አዳኞችን በመምራትና ስለ ጠመንጃ በመጻፍ አሳልፎ በ1984 ዓመት ሞተ። ገና ልጅ ሳለ ሚዙላ በምትባል ከተማ የነበረበት ቤት ተቃጥሎ ሰውነቱ እጅግ ተጎዳ፤ ግራ እጁም ተጣምሞ ከቀረ በኋላ በብዙ ሥቃይ ተቃና። እንግዲህ እሳት ምን እንደሚያደርግ በገዛ ቆዳው ያወቀ ሰው ነበር። ሆኖም እሳትን ማወቅ ብቻውን ከእሳት አያድንም። በ1925 ዓመት፥ አሜሪካኖች የነፃነታቸውን በዓል በሚያከብሩበት ቀን፥ ባለ 45 ኮልት ሽጉጡን ለጠመንጃ በተሠራ ከባድ ዓረርና በብዙ ባሩድ ሞልቶ ሲተኩስ፥ ጥይቱን የሚያጎርሰው ተሽከርካሪ ብረት ከላይ በኩል ፈነዳ፤ በላዩ የተጋደመውም የብረት ድልድይ ተገንጥሎ ሄደ። እርሱ ራሱ ተረፈ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ሥራውን በተወ፥ ወይም ዕድሉን በረገመ ነበር። ኪት ግን ከፈነዳው ብረት ትምህርት ወሰደ። የ45 ጥይት ወፍራም ስለ ሆነ ተሽከርካሪው ብረት ሲበሳለት የሚተርፈው ግድግዳ ቀጭን ነው፤ የ44 ስፔሻል ጥይት ግን ጥቂት ስለሚቀጥን ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወደ 44 ተሻገረ። ዓረሩንም ራሱ አሰበው፤ አፍንጫው ጠፍጣፋ፥ ትከሻው ስለታም፥ ወገቡ ላይ ሰም የሚይዝ ሰፊ ቦይ ያለው፥ ክብደቱ 250 ግሬን የሆነ ዓረር ነው። ግሬን ማለት የእህል ቅንጣት ማለት ነው፤ 250 ግሬንም 16 ግራም ከጥቂት ነገር ይመዝናል። የዓረሩን ቅርጽ ላይማን የተባለ ማኅበር በብረት አበጅቶ ለገበያ አቀረበው፤ እስከ ዛሬም ብዙዎች በእርሱ ያፈሳሉ። ኪት ከዚያ በኋላ ያለ መታከት እየጻፈ፥ ይህን ኃይል የሚችል ሽጉጥና ጥይት ፋብሪካዎች እንዲሠሩ ለመነ። በ1955 ዓመት መጨረሻ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከሬሚንግተን ጋራ ሆኖ 44 ማግነምን አወጣ። የእርሱም ቀለህ ከቀድሞው ከ44 ስፔሻል በኢንች ስምንተኛ ይረዝማል፤ የ1935ቱ ጥበብ ተደገመ።

የማፍሰሱ ሥራ የሚደረገው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ነው። ንጹሕ እርሳስ በ327 የሴንቲግሬድ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሠሪው ግን ቅርጹን በደንብ እንዲሞላለት ወደ 370 ያህል ያደርሰዋል። እርሳሱ ሲቀልጥ በላዩ ግራጫ አሰር ይንሳፈፋል፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት የንብ ሰም ወይም የእንጨት ፍቃሽ ይጥልበትና በጭልፋ ያማስለዋል። ይህ ካልተደረገ ወደ አመድነት የተለወጠው ቆርቆሮ ከአሰሩ ጋራ ተጠርጎ ይጠፋል፤ ሰሙ ሲነድ ግን ቆርቆሮው ወደ ማዕድኑ ይመለሳል። ከሁሉ የሚፈራው ውኃ ነው። አንዲት ጠብታ በቀለጠው እርሳስ ሥር ብትገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆና እርሳሱን በሠሪው ፊት ላይ ትረጨዋለች። ስለዚህ ዓይኑን በመነጽር፥ እጁን በቆዳ ጓንት ይሸፍናል፤ ላቡ እንኳ እንዳይንጠባጠብ ይጠነቀቃል።

የቀለጠው እርሳስ በሁለት ተገጣጥመው በሚዘጉ የብረት ግማሾች መካከል ይፈሳል። ጥቂት ቆይቶ ሠሪው ከላይ የተረፈውን ቆርጦ፥ ግማሾቹን ሲከፍታቸው ዓረሩ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ የተጨማደዱ ናቸው፤ ቅርጹ ገና አልሞቀምና። ቅርጹ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ደግሞ ዓረሩ ውርጭ እንደ ወደቀበት ሣር ነጣ ብሎ ይወጣል። የተጨማደደው፥ ጠርዙ ያልሞላው፥ ቂጡ የተሸረፈው ሁሉ ወደ ማቅለጫው ይመለሳል፤ ከጊዜ በቀር የጠፋ ነገር የለም። ይህ የሥራው ክፍል ምሕረት ያለበት ነው። በአንድ ምሽት መቶ ጊዜ የተሳሳተ ሰው መቶውንም ስሕተት አቅልጦ እንደ ገና ይጀምራል።

አሁን ስለ ማዕድኑ ጥቂት ነገር መናገር ይገባል። ንጹሕ እርሳስ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ነውና ለብርቱ ሽጉጥ ብቻውን አይሆንም። ቆርቆሮ ሲጨመርበት እየፈሰሰ የቅርጹን ጥግ ሁሉ ይሞላል፤ አንቲሞኒ የተባለው፥ በጥንት ዘመን ለዓይን ኩል ይፈጭ ከነበረው ድንጋይ የሚወጣው ማዕድን ሲጨመርበት ይጠነክራል። ከታወቁት ድብልቆች አንዱ ከመቶ 90 እርሳስ፥ 5 ቆርቆሮና 5 አንቲሞኒ ነው። ነገር ግን ሠሪዎቹ ለብዙ ዘመን አጥብቀው የፈለጉት ሌላውን፥ ከመቶ 84 እርሳስ፥ 12 አንቲሞኒና 4 ቆርቆሮ ያለበትን ጠንካራ ድብልቅ ነበር። ይህም የማተሚያ ቤት ማዕድን ነው።

በቋንቋችን እርሳስ ሁለት ነገር ነው። አንድም ዓረር የሚሆነው ከባዱ ማዕድን ነው፤ አንድም ተማሪ የሚጽፍበት ነው። የተማሪው እርሳስ በእውነት እርሳስ የለበትም፤ ስሙ ግን በከንቱ አልተሰጠም፤ ማዕድኑ ከጽሕፈት ጋራ የቆየ ዝምድና አለውና። በመጽሐፈ ኢዮብ ጻድቁ ቃሉ ለዘላለም ተጽፎ እንዲቀር ሲመኝ፥ ከብረት መጻፊያ ጋራ እርሳስን ያነሣል። በአውሮፓ ኅትመት ከተጀመረ ወዲህም ፊደል የሚፈሰው ከእርሳስ፥ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ሆነ። በ1886 ዓመት ኒው ዮርክ ትሪቢውን የተባለው ጋዜጣ ኦትማር ሜርገንታለር የፈለሰፈውን ሊኖታይፕ የተባለ መኪና በሥራ ላይ አዋለ፤ ይህም መኪና አንዱን መስመር ሙሉ ባንድ ጊዜ ከእርሳስ እያፈሰሰ ያወጣ ነበር። በብርሃን የሚሠራ የፊደል አለቃቀም ሲመጣ ጋዜጦች ይህን መኪና እየተዉ ሄዱ፤ ኒው ዮርክ ታይምስ በሐምሌ 1978 ዓመት በእርሳስ ማተምን አቆመ። ከየማተሚያ ቤቱ የወጣው ማዕድንም ብዙው በርካሽ ተሸጠ፤ ከገዙትም መካከል ዓረር አፍሳሾች ነበሩ። ትናንት የሠርግና የቀብር ዜና የነበረው መስመር ዛሬ ቀልጦ ዓረር ሆነ። ማዕድኑ ያው አንዱ ነው፤ ልዩነቱ በተቀበለው ቅርጽና ቅርጹን በያዘው ሰው አሳብ ላይ ነው።

ዓረሩ ከረጋ በኋላ ወፍራሙ እንዲስተካከል በጠባብ የብረት ቀለበት ያልፋል። ብዙ ሰዎች በርሜል እርሳስ የሚለብሰው ዓረሩ ስለ ለሰለሰ ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ ልምድ ያላቸው ግን ዋናው ምክንያት ሌላ እንደ ሆነ ተረዱ። ዓረሩ ከበርሜሉ ውስጥ ጥቂት እንኳ ከቀጠነ የጋለው የባሩድ ጢስ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል፤ ሲያልፍም እርሳሱን እያቀለጠ ይልጠዋል። ስለዚህ ዓረሩ ከበርሜሉ ቦይ በኢንች ሺኛ ያህል እንዲወፍር ይደረጋል። 44 እየተባለ የሚጠራው የዚህ በርሜል እውነተኛ ልክ 0.429 ኢንች ነውና ዓረሩ 0.430 ይሆናል። ስሙን ብቻ አምኖ የሚለካ ሰው ይሳሳታል።

ከዚያም ሰሙ ይመጣል። በዓረሩ ወገብ ላይ ያለው ቦይ በንብ ሰም ቅባት ይሞላል፤ በአሜሪካ የታወቀው አንዱ ቅባት የንብ ሰምና አሎክስ የተባለ የፋብሪካ ቅባት እኩል በእኩል የተዋሐዱበት ነው። ሰሙ እርሳሱ ከብረቱ ጋራ እንዳይፋተግ በመካከላቸው ይገባል። ዓረሩ ወደ ዒላማው ይሄዳል፤ ሰሙ በበርሜሉ ውስጥ ሥራውን ፈጽሞ ይቀራል። የሚነካው ሁሉ የሚያየው ሰሙን ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግን በውስጥ ያለው እርሳስ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ወደ ማቅለጫ ይመለስ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን አይመለስም። ባዶው የናስ ቀለህ ተጠርጎ፥ በተኩሱ የሰፋው ወገቡ ወደ ቀድሞ ልኩ ተጨምቆ፥ በቂጡ አዲስ መለኮሻ ይገባበታል። ባሩዱ በሚዛን ይመዘናል፤ ልኩም ከታተመ የሠንጠረዥ መጽሐፍ ይወሰዳል እንጂ በግምት አይሆንም። እንዲሁም ከታችኛው ልክ ይጀመራል። በመጨረሻ ዓረሩ ተተክሎ የቀለሁ ከንፈር በቦዩ ላይ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ አለዚያ በሽጉጡ ብርቱ ነውጥ ያልተተኮሱት ዓረሮች ከቀለሃቸው እየተነቀሉ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ተሽከርካሪውም ተጋድሞ ይቆማል።

በዚህ ክፍል ሁለት ጠላቶች አሉ፤ መብዛትና ማነስ። ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ የቀለሁን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሚይዝ፥ አሳቡ የባከነ ሰው በአንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢጨምር ቀለሁ ሞልቶ አይነግረውም፤ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። የሚናገረው በተተኮሰ ጊዜ ነው። ባሩድ ጨርሶ የቀረበት ጥይት ደግሞ ጠቅ ብሎ ብቻ ዓረሩን በርሜሉ መካከል ይሸጉጠዋል፤ ተኳሹ ሳያስተውል ሁለተኛውን ቢተኩስ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ቀለሆቹን በተርታ አቁሞ፥ በእያንዳንዱ ውስጥ በመብራት እየተመለከተ ባሩዱ ባንድ ልክ መቆሙን ያያል። በዚያ ሰዓት ከሰው ጋራ አይነጋገርም፤ በገበታው ላይም ከአንድ ዓይነት ባሩድ በቀር አያኖርም። የአገራችን ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል፤ በዚህ ገበታ ላይ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ከእጅ ጋራ ይፈታል።

ሦስተኛው ክፍል ከተኩሱ በኋላ ያለው ነው፤ ብዙ ሠሪዎችም ቆይተው ያሰቡት እርሱን ነው። ዓረሩ ከበርሜል ከወጣ በኋላ ሠሪው ረስቶት ይሆናል፤ እርሳሱ ግን በወደቀበት ስፍራ ይኖራል። በካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባል፥ ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 3 ሜትር የሚደርስ የጥንብ አንሣ ወገን አለ። በ1982 ዓመት በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ፤ በ1987 ዓመት በዱር የነበረው የመጨረሻው ተይዞ እንዲራቡ በጥበቃ ተደረገ፤ ከ1992 ዓመት ጀምሮም ወደ ዱር ይለቀቁ ጀመር። ወደ ዱር ከተመለሱት መካከል ከሌላው ምክንያት ሁሉ ይልቅ ብዙዎችን የገደለው እርሳስ ሆኖ ተገኘ። አዳኙ አውሬውን ገድሎ ሥጋውን ሲወስድ ሆድ ዕቃውን በዱር ይተወዋል፤ በውስጡ የተበተነውን የዓረር ፍርፋሪ ወፉ ይውጠዋል። ስለዚህ የካሊፎርኒያ መንግሥት በ2007 ዓመት ኮንዶር በሚኖርበት ስፍራ፥ በ2013 ዓመት ባወጣው ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ዓመት ጀምሮ በግዛቱ ሁሉ በእርሳስ ዓረር ማደንን ከለከለ። አዳኞችም በዚያ ወደ መዳብ ዓረር ዞሩ። አዳኙ ያነጣጠረው በአንድ አጋዘን ላይ ብቻ ነበር፤ እርሳሱ ግን ሳይነጣጠርበት ሁለተኛ ሞት አደረሰ።

ይኸው ነገር በሠሪው ቤትም አለ። ከማቅለጫው የተጠረገው አሰር ደቃቅ አቧራ ነው፤ የመለኮሻው ጢስ ራሱ እርሳስ ያለበት ነው፤ በእጅ፥ በጫማና በልብስ ተጣብቆ ወደ ሳሎን ይገባል። በአዋቂ ሰው ደም ሲበዛ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በሕፃን ግን ጥቂቱም አእምሮን ያደክማል። ሐኪሞች በሕፃን ደም ውስጥ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ ልክ እስካሁን አላገኙም። እንግዲህ ባሩዱን በእህል ቅንጣት አሥረኛ የሚመዝን፥ ዓረሩን በኢንች ሺኛ የሚለካ ሰው፥ በመጨረሻ ልክ ከሌለው ነገር ጋራ ፊት ለፊት ይገናኛል። ለባሩድ ታችኛና ላይኛ ልክ አለው፤ ለልጁ ደም ግን ያለው ልክ ባዶ ብቻ ነው።

የዚህ ሥራ ምሥጢር ይህ ይመስላል። ስሕተት በማቅለጫው ውስጥ ሳለ ይታረማል፤ በቀለህ ውስጥ ከታሸገ በኋላ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ከበርሜል ከወጣ በኋላ የሠሪው መሆኑ ቀርቶ የሌላው መከራ ይሆናል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠነቀቀው በሦስተኛው፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ኪት በ1925 ዓመት በእጁ ውስጥ የፈነዳውን ብረት ያህል የታደለ አስተማሪ ሁሉ ሰው አያገኝም፤ ብዙው ሳይፈነዳበት እንዲማር ግድ ነው። ቃል የሚያወጣ ሰውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ፊደሉም ዓረሩም ከአንድ ማቅለጫ ሲቀዱ ታይተዋልና።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማቅለጫውን አጥፍቶ፥ አሰሩን ክዳን ባለው ዕቃ ከቶ፥ ሲጨርስ ወደ ቤቱ ወዲያው አይገባም። ጫማውን በደጅ ያወልቃል፤ የሥራ ልብሱን ለብቻው ያኖራል፤ እጁን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል። ልጁ ሮጦ ሲመጣ የሚያቅፈው ከዚህ በኋላ ነው።